የማይወጣና የማይገባ የመኪና አንቴና እንዴት ይጠገናል

በቆዩ ቶዮታዎች፣ መርሴዲሶችና ኒሳኖች ላይ ሬዲዮ ሲከፈት ራሱ የሚወጣው፣ ሲዘጋ ራሱ የሚገባው አንቴና መሥራት ሲያቆም መጀመሪያ የሚፈረድበት ሞተሩ ነው። ሰው ሙሉውን አስወልቆ ይጥልና በቦታው ቋሚ አንቴና ያስተክላል። ብዙ ጊዜ ግን ሞተሩ ደህና ነው፤ የተበጠሰው ዘንጉን ከሥር የሚገፋውና የሚስበው ጥርሳም የናይለን ገመድ ነው። ገመዱ ከነዘንጉ ለብቻው ይሸጣል፤ በብዙ ቶዮታዎች ላይ ደግሞ ከላይ ያለውን ዳዶ ብቻ ፈትቶ መቀየር ይቻላል። ስለዚህ ካቻቢቴ ከማንሳትዎ በፊት ብልሽቱ የት እንዳለ በጆሮ ይለዩ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሞተሩ በመጠምዘዣ ጥርስ አማካይነት አንድ ማርሽ ያዞራል። ማርሹ የገመዱን ጥርሶች ይዞ ወደ ላይ ሲገፋ አንዱ በሌላው ውስጥ የተሰኩት የዘንጉ ቱቦዎች ይወጣሉ፤ በተቃራኒው ሲዞር ገመዱ ከሞተሩ ጎን ባለው ክብ ቤት ውስጥ ይጠቀለላል። ዘንጉ ጫፍ ላይ ሲደርስ ሞተሩ እንዳይቃጠል ፍሪሲዮኑ (ጭነት ሲበዛበት የሚንሸራተተው ክላች) ይንሸራተታል፤ ከዚያም የገደብ ማብሪያ ማጥፊያው ወይም በአዳዲሶቹ ላይ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ኃይሉን ይቆርጣል።

አሁን መኪናውን ጸጥ ባለ ቦታ ያቁሙ፤ የመኪናውን ሞተር ሳያስነሱ ቁልፉን ሬዲዮ ወደሚሠራበት ደረጃ ያዙሩ። አንድ ሰው ሬዲዮውን ሲከፍትና ሲዘጋ እርስዎ አንቴናው አጠገብ ሆነው ያዳምጡ። ሞተሩ ለጥቂት ሰከንድ በነፃነት ሲዞር ከተሰማና ዘንጉ ካልተንቀሳቀሰ ገመዱ ተበጥሷል ወይም ጥርሱ ተበልቷል። ዘንጉ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው፤ ይህ ማለት ዘንጉ ጎብጧል ወይም በአቧራና በደረቀ ቅባት ተይዟል። ወጥቶ ከቀረና ሬዲዮ ሲዘጋ ምንም ድምፅ ከሌለ ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣው መስመር ተቋርጧል ማለት ይቻላል። ከወጣም በኋላ ሞተሩ ካላቆመ የገደብ ማብሪያ ማጥፊያው ወይም ሰሌዳው ተበላሽቷል፤ ይህኛው ባትሪ ስለሚጨርስና ሞተሩንም ስለሚያቃጥል እስኪጠገን የአንቴናውን ሶኬት ነቅለው ያቆዩት። ፊውዙን ብቻ ማውጣት ጥሩ ዘዴ አይደለም፤ በብዙ መኪኖች ላይ ያው ፊውዝ ሰዓቱንና የውስጥ መብራቱንም ይመግባል።

ሬዲዮው ሲከፈትም ሲዘጋም ምንም ድምፅ ከሌለ ነገሩ የኤሌክትሪክ ነው። መጀመሪያ ፊውዞቹን ይመልከቱ። ቀጥሎ የአንቴናውን ሶኬት አውጥተው በቴስተር ይለኩ። አብዛኞቹ አራት ነገር ይፈልጋሉ፦ ከባትሪ ሁልጊዜ የሚመጣ 12 ቮልት፣ ቁልፍ ሲዞር የሚመጣ 12 ቮልት፣ ሬዲዮ ሲከፈት የሚመጣ የትእዛዝ መስመር እና ማሳ (ከመኪናው ቦዲ ጋር የሚገናኘው ኔጋቲቭ)። የመጀመሪያው ቁልፉ ከወጣ በኋላም መኖር አለበት፤ አንቴናው የሚገባው መኪናው ከጠፋ በኋላ ስለሆነ ያለ እሱ መውጣት እንጂ መግባት አይችልም። የመኪናው ሞተር ጠፍቶ ሳለ ጤነኛ ባትሪ ከ12.4 እስከ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ ሶኬቱም ላይ ወደዚያ የተጠጋ ቁጥር መታየት አለበት። ነገር ግን ሥራ ላይ ያልዋለ ሽቦ ሲለካ ደህና መስሎ ይታያል፤ ስለዚህ ሶኬቱን ሰክተው አንቴናው በሚታዘዝበት ቅጽበት ከኋላው ይለኩ። ያኔ ቮልቱ በጣም ከወረደ የዛገ ግንኙነት አለ፤ ብዙውን ጊዜም ማሳው ነው። አንቴናው ከቦዲው ጋር የሚገናኝበትን ብረት በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው፣ ካሰሩት በኋላ እንዳይዝግ ላዩን ቀለል ያለ ግራሶ ይቀቡት።

የትእዛዝ መስመሩ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አሮጌ መኪና ላይ አዲስ ሬዲዮ ሲገጠም አብዛኛው ችግር የሚፈጠረው እዚህ ነው። ከገበያ በሚገዙ ሬዲዮዎች ላይ በተለመደው አቀማመጥ ቢጫው ከባትሪ ቀጥታ፣ ቀዩ በቁልፍ የሚመጣ፣ ጥቁሩ ማሳ፣ ሰማያዊው ደግሞ የአንቴና ትእዛዝ ነው። ነጭ መስመር ያለበት ሰማያዊ ለድምፅ ማጉያ ነው፤ አንዳንድ ሬዲዮዎች አንዱን ብቻ ለሁለቱም ይጠቀማሉ። ሠሪው ሰማያዊውን ጠቅልሎ ትቶት ከሆነ አንቴናው ምንም ሳይበላሽ ዝም ይላል። ሰማያዊው ሽቦ ትእዛዝ ለመስጠት ብቻ የተሠራ ነው፤ በብዙ ሬዲዮዎች ላይ ከ300 ሚሊ አምፔር በላይ አይችልም፤ የአንቴና ሞተር ደግሞ በርከት ያለ አምፔር ይስባል። ሰማያዊውን ከሞተሩ ጋር በቀጥታ ያገናኘ ሰው የሬዲዮውን መውጫ ያቃጥላል። አንቴናው የራሱ ሪሌይ (በትንሽ ኃይል ታዝዞ ትልቁን ኃይል የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ወይም ሰሌዳ ካለው ሰማያዊውን ወደዚያ ያስገቡ፤ ሁለት ሽቦ ብቻ ያለው ባዶ ሞተር ከሆነ ግን በመሃል ሪሌዮች ያስፈልጋሉ። ከፍላሽ ሙዚቃ ሲከፍቱ አንቴናው ከገባ ደግሞ አይደንግጡ፤ አንዳንድ ሬዲዮዎች ትእዛዙን የሚሰጡት ጣቢያ ሲከፈት ብቻ ነው።

መስመሩ ሁሉ ደህና ሆኖ ሞተሩ ዝም ካለ በቀጥታ ከባትሪ ይሞክሩት፤ በመሃል 10 አምፔር ፊውዝ ያስገቡ። ሁለት ሽቦ ያለውን ሞተር ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን በማቀያየር በሁለቱም አቅጣጫ ማዞር ይቻላል። ሰሌዳ ያለበትን ግን በፍጹም አያገላብጡ፤ በአንድ ቅጽበት ይቃጠላል።

ገመዱ መሆኑን ካወቁ በኋላ ዕቃ ፍለጋ ይመጣል። አዲስ አበባ ውስጥ መርካቶ ሶማሌ ተራ አሮጌውን ናሙና ይዞ መሄድ ይሻላል፤ የመኪናውን ስም ብቻ ተናግሮ መግዛት ያሳስታል። ከአሮጌው ጋር አንድ መሆን ያለባቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ የገመዱ ውፍረትና ርዝመት፣ የጥርሶቹ ርቀት፣ ጥርሱ በአንድ ጎን መሆኑ ወይም በዙሪያው መሆኑ፣ የቱቦዎቹ ብዛት፣ የታችኛው ቱቦ ውፍረት እና የላይኛው ዳዶ። ሁለቱን ገመዶች ጎን ለጎን አስተኝተው ጥርስ በጥርስ ያስተያዩ፤ የግማሽ ሚሊሜትር ልዩነት ከጥቂት ጥርስ በኋላ ማርሹን ያዘልለዋል። ያገለገለ ገመድ አይግዙ። ናይለን በዕድሜ ይደርቃል፤ ጎንበስ ሲያደርጉት ነጭ መስመር የሚያወጣ ገመድ ለመበጠስ የተቃረበ ነው። የተበጠሰውን በማጣበቂያ ወይም በእሳት መቀጠልም አይሠራም፤ መጋጠሚያው ስለሚደርቅ አይጠቀለልም፣ ማርሹንም ይነቅላል።

ከላይ የሚቀየረው ዓይነት እንዲህ ይሠራል። በዳዶው ዙሪያ ያለውን ቀለም በፕላስተር ወይም በጨርቅ ይሸፍኑ። ዳዶውን በልኩ ቁልፍ ይፍቱ፤ በፒንሳ የተነከሰ ዳዶ ሁለተኛ አይፈታም። ዝጎ እምቢ ካለ ዘልቆ የሚገባ ዘይት ረጭተው ሩብ ሰዓት ይጠብቁ። ከዚያ ረዳትዎ የመኪናውን ቁልፍ አዙሮ ሬዲዮውን ይክፈት፤ ሞተሩ ዘንጉንና ገመዱን ወደ ላይ ይገፋል፣ እርስዎም ቀስ ብለው ቀጥ አድርገው ይቀበሉት። ሲወጣ ጥርሱ ወደየት እንደሚያይ አስተውለው ፓራፋንጎው ላይ ባለው ፕላስተር ላይ ምልክት ያድርጉ። ሬዲዮውን ግን እንዳይዘጋው።

የወጣው ገመድ ሙሉ መሆኑን ከአዲሱ ጋር ለክተው ያረጋግጡ። ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ የተበጠሰው ቁራጭ ውስጥ ቀርቶ አዲሱን ያስገባሉ፣ ሞተሩ አሮጌውን ቁራጭ እያኘከ አዲሱን አይነካውም። አጥሮ ከወጣ ዕቃው መውረድ አለበት፤ ወደዚያ እንመጣለን።

ሙሉው ከወጣ የአዲሱን ገመድ ጫፍ ጥርሱን ወደ ምልክቱ አዙረው ማርሹን እስኪነካ ይስደዱት። ረዳትዎ አሁን ሬዲዮውን ይዝጋ። ማርሹ ሲይዘው እጅዎ ላይ ይታወቃል። ካልያዘ ገመዱን ሩብ ዙር ጠምዝዘው እንደገና ጫን ይበሉት፤ ጊዜው አልፎ ሞተሩ ከቆመ ሬዲዮውን ከፍቶ መዝጋት ነው። ሲገባ ዘንጉን ቀጥ አድርገው ይያዙ እንጂ አይግፉት። ሁሉም ገብቶ ጫፉ ጥቂት ቢተርፍ አያስጨንቅም፤ አንድ ሁለት ጊዜ ሲወጣና ሲገባ ልኩን ያገኛል። ከዚያ ዳዶውን በእጅ አስገብተው በቁልፍ በቀስታ ያጥብቁት፤ ከልክ በላይ ከጠበቀ የውስጡን ቱቦ ያንቃል።

ቁራጩ ውስጥ ከቀረ ወይም ሞተሩ ከሞተ የባትሪውን ኔጋቲቭ ነቅለው ዕቃውን ያውርዱ። በመርሴዲስ ደብልዩ 124 ላይ በኋላ ዕቃ መጫኛው በግራ በኩል ከልባሱ ጀርባ ስለሆነ ሥራው ምቹ ነው። አንቴናው ፊት ፓራፋንጎ ላይ ባለበት ቶዮታ ጎማውን አጥፈው ከውስጥ ያለውን የጭቃ መከላከያ ፕላስቲክ መፍታት ይጠይቃል፤ 10 ቁልፍና ካቻቢቴ አብዛኛውን ይፈታሉ። የሬዲዮውን ገመድ፣ ሶኬቱን እና ከሥር የተሰካውን የውኃ ማፍሰሻ ቱቦ ይንቀሉ። ይህችን ቱቦ ብዙ ሰው ረስቶ ሳይመልሳት ይዘጋል። በዘንጉ በኩል የሚገባው ዝናብ የሚወጣው በእሷ ነው፤ በጭቃ ከተደፈነች ውኃው ሞተሩ ውስጥ ተኝቶ ያዝገዋል። ሞተሩን የሚገድለው ከዕድሜው ይልቅ ይህ ውኃ ነው።

ክብ ቤቱን ከመክፈትዎ በፊት ፎቶ ያንሱ፤ ሲከፈት ሮንዴላዎቹና የፍሪሲዮኑ ስፕሪንግ ይበተናሉና ከሥር ጨርቅ ያንጥፉ። ቁራጮቹን አንድ ሳያስቀሩ ይልቀሙ። የደረቀውን ግራሶ በነጭ ጋዝ በራሰ ብሩሽ ያጽዱ፣ ሰሌዳውና ሞተሩ ላይ ግን ጋዝ አያድርሱ። የማርሹ ጥርስ የተበላ ከሆነ ገመድ መቀየር ብቻ አይበቃም። በማርሾቹ ላይ ስስ ነጭ ግራሶ ይቀቡ፤ ገመዱና የፍሪሲዮኑ ገጽ ደረቅ ይሁኑ፤ ፍሪሲዮን ቅባት ከነካው ዘንጉን ለመግፋት አቅም አይኖረውም። የሞተሩ ካርቦኖች የሚነኩት መዳብ ከጠቆረ በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ለስለስ አድርገው ይጥረጉት፤ በመዳቡ ቁርጥራጮች መካከል የገባውን ዱቄትም በስንጥር ያውጡ። የገደብ ማብሪያ ማጥፊያ ያለው ከሆነ የሚነካኩት ነጥቦች ተቃጥለው ይሆናል፤ እነሱም በዚያው ወረቀት ይጸዳሉ። ሰሌዳ ላይ ደግሞ የሪሌዩ እግሮች ዙሪያ ያለው ሊድ ብዙ ጊዜ ይሰነጠቃል፤ በካውያ እንደገና ማቅለጥ የሞተ የመሰለውን ሰሌዳ ያስነሳል። መኪናው ላይ ከመመለስዎ በፊት ጠረጴዛ ላይ ሶስት አራት ጊዜ ያስወጡትና ያስገቡት።

ዘንጉ በትክክል ወጥቶ ጣቢያ የሚቆራረጥ ከሆነ ቴስተሩን ወደ ኦም ያዙሩ። ወደ ሬዲዮው ከሚገባው መሰኪያ መሃል እስከ ዘንጉ ጫፍ ወደ ዜሮ የቀረበ ቁጥር፣ ከመሃሉ እስከ ውጪው ቀለበት ደግሞ ምንም ግንኙነት አለመኖር አለበት። ሁለቱ ከተገናኙ ወደ ሬዲዮው የሚሄደው ገመድ ውስጥ ውኃ ገብቷል ወይም የሆነ ቦታ ተጨፍልቋል። ቁመቱም ትርጉም አለው። ለኤፍኤም የሚስማማው ዘንግ የሞገዱ ሩብ ያህል ሲሆን በ100 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይህ 75 ሴንቲሜትር ነው፤ የጎበጠውን ጫፍ ቆርጦ መጠቀም ከከተማ ሲወጡ ጣቢያው ቶሎ እንዲጠፋ ያደርጋል። ቱቦዎቹ ስስ ስለሆኑ የታጠፈ ቱቦ ቢቃናም መሰበሩ አይቀርም፤ መቅናት የሚችለው ቱቦ ያልሆነው የላይኛው ቀጭን ዘንግ ብቻ ነው።

ከጥገናው በኋላ ዘንጉን በሳምንት አንዴ እንደወጣ በደረቅ ጨርቅ ከላይ ወደ ታች ይጥረጉት። ግራሶ አይቀቡት፤ በአቧራ መንገድ ላይ የተቀባ ዘንግ አቧራውን ይዞ ወደ ማርሹ ይገባል። ከፈለጉ በጣም ስስ ዘይት የነካው ጨርቅ ያሳልፉበትና በደረቅ ይድገሙት። ላቫጆ ከመግባትዎ በፊት ሬዲዮውን ዘግተው እስኪገባ ይጠብቁ፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ ጋራዥ ውስጥም እንዲሁ። እየገባ ያለን ዘንግ በእጅ መግፋት ወይም መያዝ አዲሱን ገመድ በአንድ ቀን ጥርስ አልባ ሊያደርገው ይችላል፤ በተለይ ሕፃናት መውጣት መግባቱን ሲያዩ መያዝ ስለሚወዱ አስቀድመው ይንገሯቸው።