ዘፋኙ አዘነ ወይስ እኛ? የድምፅን ስሜት ስንሰማ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሥራዬ ሚክሰር፣ ማለትም የድምፅ ማስተካከያው ዕቃ ላይ መቀመጥ ነው። ጎንደር ውስጥ ሠርግ፣ ምርቃት ወይም የባህል ምሽት ካለ ከመድረኩ ጥግ፣ ከገመድ ክምር ኋላ የተቀመጠ ሰውዬ አይጠፋም። እሱ እኔ ልሆን እችላለሁ። ከዚያ ቦታ ዘፋኙ በጎን፣ ሰሚው በፊት ለፊት ይታያል። ማን የትኛዋ ቃል ላይ ዓይኑን እንደሚጠርግ አያለሁ። ማን ስልኩን እንደሚያወጣም አያለሁ። ዘፈኑ ሲያልቅ ደግሞ ሰው እየመጣ ይፈርዳል። «ይቺ ልጅ ስሜት አላት።» «እሱ ግን ደረቅ ነው።» ፍርዱ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። የሚሰጠው ምክንያት ግን አብዛኛውን ጊዜ ልክ አይደለም። እኔ ራሴ ለዓመታት የተሳሳትኩባቸውን ላውራችሁ።

«ከፍ አድርጎ ከዘፈነ ስሜት አለው»

ይሄ የመጀመሪያ ጥፋቴ ነው። አንድ ሠርግ ላይ ሙሽሪት የምትሸኝበት ሰዓት ደረሰ። ዘፋኟ ዝቅ አድርጋ ጀመረች። እኔ «ስሜቱ አልወጣም» ብዬ ድምፁን ከፍ፣ ኤኮውን ጨመር አደረግሁ። ከፊት የተቀመጡ እናት ተነስተው መጡ። «ልጄ፣ ምነው ልጅቱን ጉድጓድ ውስጥ ከተትካት?» አሉኝ። አፈርኩ። ኤኮውን ሳጠፋው ከቃል ቃል መሀል የምትስበው ትንፋሽ ተሰማ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው የወሰዱት ያኔ ነው።

ጉልበት ከምልክቶቹ አንዱ ብቻ ነው። ፓትሪክ ዩስሊንና ፔትሪ ላውካ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2003 እ.ኤ.አ. በንግግር ድምፅ ላይ የተሠሩ 104 ጥናቶችንና በሙዚቃ አጨዋወት ላይ የተሠሩ 41 ጥናቶችን ጎን ለጎን አስቀምጠው መርምረዋል። ሰው ሲናገር ስሜቱ የሚታወቅባቸው ምልክቶችና ሙዚቀኛ የሚጠቀምባቸው ምልክቶች በጣም ተመሳስለው ነው ያገኟቸው። ሐዘን ይዘገያል፣ ዝቅ ይላል፣ ድምፁ ይደበዝዛል። ቁጣ ይፈጥናል፣ ይጎላል፣ ይሾላል። ችግሩ ደስታም ይፈጥናል፣ ይጎላልም። ስለዚህ በጉልበት ብቻ የሚሰማ ጆሮ ሁለቱን ያምታታል። ልዩነቱ ያለው በድምፁ ሸካራነትና በቃሉ አነሳስ ላይ ነው።

እዚህ አገር ቀረርቶና ሽለላ ያልተሰማበት ሠርግ ሠርግ አይመስልም። አንድ ጊዜ ከሐዋሳ የመጣ የሙሽራው ጓደኛ አንድ አባት ዱላቸውን ነቅንቀው ሲፎክሩ ሲያይ ደነገጠ። ወደኔ ጠጋ ብሎ «ተጣሉ እንዴ?» አለኝ። ጆሮው አልዋሸውም። ሸካራ ድምፅ፣ ድንገት የሚፈነዳ ቃል፣ ፈጣን ትንፋሽ ሲደማመር የቁጣ ድምፅ ነው። ቁጣው የሠርጉ ጌጥ መሆኑን ግን ማንም አልነገረውም።

«ትዝታ ከሆነ ሐዘን ነው»

ትዝታ ስንል ሁለት ነገር እንቀላቅላለን። አንዱ የምናውቀው የናፍቆት ዘፈን ነው። ሌላው ቅኝቱ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ ያላቸው ቅኝቶች ናቸው። በትዝታ ቅኝት ትከሻ የሚያስመታ ዘፈን ሞልቷል። ያው አምስት ድምፅ ሲዘገይ ሆድ ያባባል፣ ሲፈጥን እስክስታ ያስወርዳል። «የአምባሰል ስሜት እንዲህ ነው፣ የባቲ እንዲያ ነው» እያሉ ሠንጠረዥ የሚሠሩ ሰዎች ያናድዱኛል። ቅኝት ጓዳው ነው፤ ወጡ ገና አልተሠራም።

ይሄን በደንብ የተማርኩት ከዘፈን ቤት አይደለም። ጎንደር በአታ ለማርያም የአቋቋም፣ ማለትም የማሕሌት ዜማና እንቅስቃሴ ትምህርት የሚመሰከርባት ደብር ናት። በዓል ቀን ማሕሌት ቆማችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። ዝማሜ ላይ ካህናቱ መቋሚያቸውን ይዘው ቀስ ብለው ይወዛወዛሉ። ከበሮ የለም። መረግድ ሲመጣ ከበሮው ረጋ ብሎ ይገባል፣ ጸናጽሉ ይከተላል። ጽፋት ላይ ይፋጠናል፣ ጭብጨባው ይመጣል፣ ከሴቶች በኩል እልልታው ይቀልጣል። ቃሉ ያው ነው። ሲጀመር ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ደፍቶ የነበረ ሰው ሲያልቅ ፊቱ በርቶ ታገኙታላችሁ።

በተቃራኒው «ስሜት ሁሉ የባህል ነው፣ የውጭ ሰው አይገባውም» ማለትም አያስኬድም። በሰሜን ካሜሩን ተራሮች ለሚኖሩ የማፋ ሰዎች፣ የምዕራባውያንን ሙዚቃ ሰምተው ለማያውቁት፣ ተመራማሪዎች የፒያኖ ሙዚቃ አሰምተዋቸው ነበር። ደስታን፣ ሐዘንንና ፍርሃትን በግምት ከሚገኘው በላይ ለይተዋል። ጥናቱ በ2009 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው። ከግምት በላይ መለየት ግን እንደ አገሬው መስማት አይደለም። የሐዋሳውን ልጅ አስታውሱ።

«ድምፁ እኮ ነው የነካኝ»

እርግጠኛ ናችሁ? በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ሰዎችን የክላሲካል ሙዚቃ ውድድር አሸናፊ ገምቱ ብሏቸው ነበር። ድምፅ ብቻ የሰሙት ብዙም አልቀናቸውም። ድምፅ አልባ ቪዲዮ ያዩት የተሻለ ገመቱ። ሙዚቀኞቹም ጭምር! አብዛኞቹ ግን በድምፁ ነው የምፈርደው ይሉ ነበር። በዘፈንም ተሞክሯል። ያንኑ ድምፅ ከሌላ ፊት ጋር ስታጋጥሙት ሰሚው ድምፁ ራሱ የተለወጠ ይመስለዋል። ቅንድብ ከፍ ሲል ዜማው የደስታ፣ ግንባር ሲቋጠር የሐዘን ሆኖ ይሰማል።

ፊት፣ ትከሻና እጅ የዘፈኑ አካል ናቸው፣ አትዩ አልልም። ስህተቱ ዓይናችን ያየውን ለጆሯችን መስጠት ነው። የወደዳችሁትን ዘፈን አንድ ጊዜ ስልኩን ደፍታችሁ ስሙት። አንዳንዱ ያው ነው። አንዳንዱ ይከሳል።

«ራሱ ካላዘነ ሊያሳዝን አይችልም»

ይሄን የሚል ሰው ለቅሶ ቤት አልዋለም። አንድ አልቃሽ አስታውሳለሁ። በሩ ላይ ቆም ብላ ጎረቤቶቹን ጠየቀች። የሟች ስም፣ የልጆቹ ስም፣ ምን ይወድ ነበር፣ ማን ከሩቅ ገና አልደረሰም። ሁለት ደቂቃም አልፈጀባትም። ገብታ ሙሾውን ስታወርድ፣ ያልደረሰውን ልጅ ስም ስትጠራው ድንኳኑ ተናወጠ። እኔ ሟቹን በቅጡ አላውቃቸውም፤ ግን አለቀስኩ። ከዚያ አረፍ አለች። ውሃ ጠየቀች፣ ጠጣች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ አጠገቧ ላለችው ሴት የሆነ ነገር ነገረቻት። ፊቷ እንደ ባለሙያ ፊት ነበር። ተነስታ ቀጠለች፣ እኛም ቀጠልን።

እውነተኛ ለቅሶ ጉሮሮ ይዘጋል። ድምፅ ይሰነጠቃል፣ ትንፋሽ ይቆራረጣል፣ ዜማ መያዝ አይቻልም። ጥሩ ዘፋኝ ከዚያ የሚወስደው ሲቃውን ብቻ ነው። እሱንም የት እንደሚያስቀምጠው ያውቃል። መድረክ ላይ እንባ የወረደው ዘፋኝ ሁሉ አስመሳይ ነው እያልኩ አይደለም። እንባውን የስሜት ሚዛን አታድርጉት ነው የምለው። እኔ እንባ በወረደ ቁጥር ማይኩ ላይ የሚመጣብኝ የአፍንጫ ድምፅ ነው።

ሰሚውም ዘንድ ያው ነው። ሐዘን መስማትና ማዘን ይለያያሉ። እንጉርጉሮ ተጋብዞ፣ ብር ሸልሞ፣ «ልቤን በላው» እያለ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው በየምሽቱ አያለሁ።

«ግጥሙ ከገባኝ ይበቃል»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አንድ ምሽት ሥራ አልነበረኝም። ፒያሳ አካባቢ አንድ አዝማሪ ቤት ቢራዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። መሰንቆ ብዙ ዕቃ የለውም። አንድ የፈረስ ጭራ ክር፣ አንድ ደጋን፣ የተወጠረ ቆዳ። ጣት የሚያርፍበት የተከለለ ቦታ ስለሌለው ዜማው እንደ ሰው ድምፅ ይንሸራተታል። ጥግ ላይ ለብቻቸው የተቀመጡ ጎልማሳ ሰውዬ «ተቀበል!» አሉ። አዝማሪው ጆሮውን ሰጣቸው።

ገበያ ብወጣ ሁሉም ተወደደ፣
የኔ ሰው ብቻ ነው ሳይገዛ የሄደ።

አዝማሪው መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ነው ያለው። «ተወደደ»ን ሳያስረዝም ጣል አደረጋት፣ ቅንድቡንም አነሳ። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ጤፉ፣ ዘይቱ፣ ሽንኩርቱ፣ ማን ያልተወደደ አለ? አንዷ «በርበሬውን ረሳኸው!» ብላ ጮኸች።

ከዚያ ያንኑ ደገመው። አሁን ግን «ሁሉም» ካለ በኋላ ደጋኑን አቆመ። አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም። ቀጥሎ «ተወ...» ብሎ ድምፁን ከላይ ወደ ታች ሲያወርደው እዚያው የሚያልቅ መሰለን። ሁሉም ተወ። ዘግይቶ ነው «ደደ»ን በሹክሹክታ ያመጣት። የመሳቅ ሐሳብ ለማንም አልመጣም። ሁለተኛው ስንኝ ላይ «ሳይገዛ»ን «ገ» ላይ አጠበቃት። ስትላላ ዕቃ ሳይገዛ የሄደ ገበያተኛ ነው። ስትጠብቅ ለፍቅር ያልተገዛ፣ ልቡን ያልሰጠ ሰው ነው። ጎልማሳው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«ጋሼ፣ ልድገመው?» አለ አዝማሪው።

«ተወው ልጄ፣ የቅድሙ ሳቅ ይበቃናል» አሉት። ብር አውጥተው ግንባሩ ላይ ለጠፉለት።

ከቃሉ አንዲት ፊደል አልተለወጠችም። ግጥሙን ወረቀት ላይ ያነበበ ሰው ሰሙንና ወርቁን ይፈታ ይሆናል፤ ያቺን አንድ ትንፋሽ ግን አያገኛትም። ስለዚህ ስትሰሙ «ምን አለ?» ከማለታችሁ በፊት «መቼ አለው?» በሉ። ቃሉ ከምት ቀደመ ወይስ ዘገየ? መጨረሻዋ ፊደል ተቆረጠች ወይስ ሟሟች? ትንፋሹ የተሳበው ከየትኛው ቃል በፊት ነው? ሚክሰር ላይ አዲስ ልጅ ሳሠለጥን ከቁልፎቹ በፊት እነዚህን ሦስቱን ነው የማስይዘው።

«በስልክ ሰምቼዋለሁ፣ ደረቅ ነው»

ትንሽ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ አይሸከምም። ደረቱ ይጠፋል፣ ጉሮሮው ብቻ ይቀራል። ባጃጅና ገበያ ሲጨመርበት ትንፋሹም ይሄዳል። ጎንደር የተወለደችውን አስቴር አወቀን አንዴ በስልክ ስፒከር፣ አንዴ በጥሩ ጆሮ ማዳመጫ ስሟት። ድምፅዋን የምታጥፍበትና አየር የምታሳልፍበት ቦታ በአንዱ አለ፣ በሌላው የለም። ዜማ የሚያስተካክለው የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ኦቶቱን ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የሚንሸራተተውን ድምፅ ደረጃ ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያ በኋላ ልጁን «ስሜት የለውም» ብሎ መውቀስ ግፍ ነው። ስሜቱን የወሰድነው እኛ ነን፣ ኮምፒውተሩ ጋ የምንቀመጠው።

«እኔን ካስለቀሰኝ ዘፈኑ ያሳዝናል»

ባለፈው በባጃጅ ከፒያሳ ወደ ማራኪ እየሄድኩ ነበር። ሹፌሩ የከፈተው ዘፈን የለየለት ጭፈራ ነው፤ ከበሮው የባጃጁን በር ያንቀጠቅጣል። ሁለተኛው አዝማች ላይ ሲደርስ ድንገት አጠፋው። በመስታወቱ ሳየው ዓይኑ ቀልቷል።

«ይቅርታ ወንድሜ» አለኝ። «ታላቅ ወንድሜ በሞተበት ሰሞን ሰፈር ውስጥ በየሱቁ የሚከፈተው ይሄ ነበር። አልችለውም።»

«ምንም አይደል» አልኩት።

ቀጣዩን ነካው። ክራር ገባ፣ ቀስ ያለ ትዝታ። እሱን አብሮ እያፏጨ ማራኪ አደረሰኝ።