በሁለት ነጥብ ምናምን ለማስተርስ ማመልከት፦ ከመንገድ የሚያስቀሩ ስህተቶች

ሀዋሳ፣ አሞራ ገደል። አሳ አዘን ስንጠብቅ አንዲት የባዮሎጂ ምሩቅ ትራንስክሪፕቷን በስልኳ አሳየችኝ። ጂፒኤዋ 2.58 ይላል። «በዚህ ማን ይቀበለኛል?» አለችኝ። እኔም ከኬሚስትሪ የተመረቅሁት በ2.64 ነው። አሁን ማስተርሴን ይዤ ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። በመሃል ግን አንድ ሙሉ ዓመት አቃጥያለሁ። ያቃጠልኩት ማመልከቻው ላይ በሠራኋቸው ስህተቶች ነው። ለእሷ የነገርኳትን ለእናንተም ልንገራችሁ።

ሂሳቡን ሳይሠሩ መፍራት፣ ሳይሠሩ መክፈል

አንዳንዱ መስፈርቱን ሳያነብ ተስፋ ይቆርጣል። ሌላው ሳያነብ ይከፍላል። ጀርመንን እንውሰድ። እዚያ 1.0 ትልቁ ውጤት ነው፣ 4.0 ደግሞ የመጨረሻው ማለፊያ። የእኛን ውጤት የሚቀይሩበት ቀመር በእጅ ይሠራል። ከ4 ላይ ጂፒኤያችሁን ቀንሱ፣ በ2 አካፍሉ፣ በ3 አባዙ፣ 1 ጨምሩ። በ2 የሚካፈለው ከ4 ላይ የእኛ ማለፊያ 2.0 ሲቀነስ 2 ስለሚቀር ነው። የልጅቷ 2.58 እዚያ 3.13 ይሆናል። «ቢያንስ 2.5» የሚል ፕሮግራም በእኛ 3.0 ይፈልጋል ማለት ነው፤ ለእሷ አይሆንም። ዩኒ አሲስት በሚባለው ማዕከል በኩል ሲያመለክቱ ደግሞ ለመጀመሪያው 75 ዩሮ፣ በዚያው ሴሚስተር ለሚጨመር ለእያንዳንዱ 30 ዩሮ ይከፈላል። ይህን ወደ ብር ቀይራችሁ እዩት። ቁርጥ ያለ ቁጥር ያላስቀመጡ ፕሮግራሞች አሉ። ገንዘባችሁን ለእነሱ ያዙት።

አሜሪካ ብዙ ቦታ 3.0 ይላሉ። ግን መጨረሻ ላይ የተወሰዱትን 60 ክሬዲቶች ለይተው የሚያዩ፣ በቅድመ ሁኔታም የሚቀበሉ አሉ። ካናዳም የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት የሚመለከቱ ብዙ ናቸው። ይህ ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ትራንስክሪፕትን እንደ አንድ ቁጥር ማየት

ልጅቷን ዓመት በዓመት አስቆጠርኳት። ፍሬሽማን ላይ 2.1፣ ሁለተኛ ዓመት 2.3፣ ሦስተኛ 2.7፣ የመጨረሻው ዓመት 3.2። ኢኮሎጂ ኤ አላት። እስከዚያች ቀን ድረስ ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ለራሷም ጭምር። የናንተንም እንዲህ በትኑት። የሜጀር ኮርሶቻችሁን ለብቻ አስሉ። የመውጫ ፈተና ውጤታችሁ ጥሩ ከሆነ ሲቪ ላይ አስገቡት፤ ማለፊያው 50 ከመቶ መሆኑንም ጻፉ፣ የውጭ ሰው አያውቀውም። ትምህርት ክፍላችሁ ግሬድ የሚቆጥብ ከሆነ ደግሞ ከባቻችሁ ስንተኛ እንደሆናችሁ የሚገልጽ ደብዳቤ ጠይቁ። 2.7 ይዞ ከክፍሉ አምስተኛ የወጣ ሰው አለ።

ሰበብ ማብዛት

ከማመልከቻው ጋር የላክሁትን የመጀመሪያ ሞቲቬሽን ሌተሬን፣ ለምን መማር እንደምፈልግ የጻፍኩበትን ደብዳቤ፣ አሁን ሳነበው ያመኛል። አንድ ገጽ ሙሉ ስለ አባቴ ሕመም፣ ስለ ዶርም፣ ስለ መብራት ነበር። ሁሉም እውነት ነው። አራት ቦታ ላክሁት፣ አራቱም አልተቀበሉኝም። ያን ደብዳቤ ያነበበ ሰው ስለ ኬሚስትሪ ምን እንደማስብ የሚያውቅበት አንድ መስመር አላገኘም።

ዝም ማለትም አያዋጣም። ዲ ያመጣችሁበትን ኮርስ ገምጋሚው ያየዋል፤ ካልነገራችሁት ምክንያቱን ራሱ ይገምታል። የሚበጀው ሁለት ወይም ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። ለልጅቷ እንዲህ ብለን ጻፍን፦ «በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት እየሠራሁ ስለተማርኩ ውጤቴ ዝቅ ያለ ነበር። ሥራውን ካቆምኩ በኋላ ከፍ እያለ ሄዶ በመጨረሻው ዓመት 3.2 ደርሷል።» አለቀ። የቀረው ቦታ ለሳይንሱ።

እሷ የምትጽፈው ነገር አጥታ አይደለም። የመመረቂያ ሥራዋ ጥቁር ውሃ ወንዝ ላይ ነበር። የሀዋሳ ሐይቅ በገጹ ላይ መውጫ ወንዝ የለውም። ወንዙ ይዞት ከሚገባው ብዙው እዚያው ይጠራቀማል። ናሙና ስትወስድ ምን አስቸገራት? የትኛው ልኬት አላሳመናትም? አሁን ብትደግመው ምን ትቀይራለች? ይህን ስትናገር ድምፅዋ ራሱ ይቀየራል። ደብዳቤው ላይ ግን «ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይንስ እወዳለሁ» ብላ ነበር የጀመረችው።

የድጋፍ ደብዳቤ በማዕረግ መምረጥ

ዲኑ ፕሮፌሰር ስለሆነ ብቻ ወደ እሱ አትሩጡ። ስማችሁን የማያውቅ ሰው የሚጽፈው «ጥሩ ተማሪ ነበር» ነው። ከጂፒኤያችሁ አጠገብ ሲነበብ ደግሞ ይህ ቃል አያሳምንም። አድቫይዘራችሁ፣ ወይም ላብ ውስጥ ስትደክሙ ያያችሁ መምህር፣ ሌክቸረር ቢሆንም ይሻላል። እሱ «ሙከራው ሦስት ጊዜ ከሽፎባት ቅዳሜ ተመልሳ መጥታ ሠራችው» ብሎ መጻፍ ይችላል። ለእኛ ለዝቅተኛ ውጤት ሰዎች ከዚህ የሚበልጥ ምስክር የለም።

«ጽፈህ አምጣና ልፈርምልህ» የሚባለውን ታውቁታላችሁ። የድጋፍ ደብዳቤዎቹን ራሳችሁ ከጻፋችሁ ሁሉም እንደ ሞቲቬሽን ሌተራችሁ ይሸታሉ። በዚያ ፈንታ አንድ ገጽ ማስታወሻ ይዛችሁ ሂዱ፦ የተማራችሁት ኮርስ፣ ያገኛችሁት ግሬድ፣ የሠራችሁት ፕሮጀክት፣ እንዲያነሱላችሁ የምትፈልጉት ነገር። «መምህር፣ ጊዜዎትን እንዳልሻማ ብዬ ነው» በሉ። አብዛኛው መምህር ደስ ብሎት ይጽፋል። የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል እንዳላቸውም ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከጂሜይል የመጣ ደብዳቤ የማይቀበሉ አሉ።

ተመርቆ ቁጭ ማለት

ትራንስክሪፕት አይቀየርም። ከሱ በኋላ ያለውን ግን መሙላት ይቻላል። የውሃ ጥራት ላብ፣ የቢራ ፋብሪካ ኳሊቲ ኮንትሮል፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ የፍሳሽ ማጣሪያ፣ የመምህራችሁ ጥናት ላይ ናሙና መሰብሰብ፤ ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም ሲቪ ላይ ትልቅ ነው። አገር ውስጥ መማርንም አትናቁ። አገር አቀፉን የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ግድ ነው። ፈተናው የድሮ ግሬዳችሁን አይጠይቅም፤ ሂሳብና እንግሊዝኛችሁን ወራት ቀድማችሁ አድሱ።

ወረቀት ላይ መዘናጋት

አጭር ነው ግን ብዙ ሰው አስቀርቷል። በቴምፖ፣ ማለትም በጊዜያዊው የዲግሪ ወረቀት፣ ብቻ የማይቀበሉ አሉ፤ ኦሪጅናሉን ለማውጣት ደግሞ ኮስት ሼሪንጉ መዘጋት አለበት። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ታሽጎ ከሬጅስትራር ነው የሚሄደው፤ ዴድላይን ሳምንት ሲቀረው አይታዘዝም። «ግሬድ አስተካክላለሁ» የሚላችሁ ደላላ ካጋጠማችሁ ተነሥታችሁ ሂዱ። ዩኒቨርሲቲዎች ለሬጅስትራር ጽፈው ያጣራሉ፤ ከተያዛችሁ ዲግሪያችሁም አብሮ ይጠፋል።

ልጅቷ ስምንት ፕሮግራም መርጣ ነበር። ሂሳቡን ስንሠራ ሦስት ብቻ ተረፉ፣ አንድ አገር ውስጥ ጨመረች። ማክሰኞ ዕለት አድቫይዘሯ ቢሮ ማስታወሻዋን ይዛ ሄደች። ሐሙስ ሬጅስትራር ተሰልፋ ኦፊሻሉን አዘዘች።