ለአዲስ የጨዋማ ውኃ አኳሪየም የትኞቹን ትናንሽ ዓሣዎች ልምረጥ?

መጀመሪያ ገንዳው ይድረስ። ከዓሣ ቆሻሻ የሚወጣውን መርዝ፣ አሞኒያን፣ የሚያጠፉት ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ ስትለኩ አሞኒያውም፣ ከእሱ የሚፈጠረው ሌላው መርዝ ናይትራይቱም ዜሮ ካላሳየ ዓሣ እንዳትገዙ። ጨው ስል ደግሞ ከአፋር መጥቶ ገበያ የሚሸጠውን ማለቴ አይደለም፣ እሱ ለወጥ ነው። ካልሲየምና ማግኒዚየም ያለበት፣ ለአኳሪየም የተዘጋጀ የባሕር ጨው ያስፈልጋል፤ በሊትር 35 ግራም ገደማ።

ደሴ ያላችሁ ይህቺን ልብ በሉልኝ። ከተማችን 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ውኃውም የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ኮምቦልቻ ትንሽ ይሻላል። ስለዚህ ሌላ አገር የተጻፈ መመሪያ አምስት ዓሣ ቢላችሁ እናንተ ሦስት አድርጉት፣ የውኃው ገጽ ሁልጊዜ ይናወጥ፣ መብራት ሲሄድ የሚሠራ ባለ ባትሪ የአየር ፓምፕም ይኑራችሁ። ሌሊቱ ስለሚበርድ ሙቀቱን 25 ዲግሪ አካባቢ የሚጠብቅ ማሞቂያ የግድ ነው።

ከዓሣዎቹ እኔ የማስቀድመው ክላውንፊሽን ነው፣ ያን ብርቱካናማ ባለ ነጭ መቀነት። ጠንካራ ነው፣ ቢያድግ 10 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፣ በባሕር ውስጥ የሚጠለልበት አበባ መሳይ እንስሳ፣ አኔሞኒ፣ ባይኖርም ይኖራል። እርባታ ውስጥ የተፈለፈለውን ጠይቁ፤ የገንዳ ኑሮና ደረቅ ምግብ ለምዶ ነው የሚመጣው። ጥንድ ካማራችሁ መጠናቸው የሚለያይ ሁለት ትናንሾች ውሰዱ። ሲጀመር ሁሉም ወንድ ናቸው፤ ኋላ ጉልበተኛው ራሱ ወደ ሴትነት ይለወጣል፣ ጥንዱም በዚያው ይረጋል።

ፋየርፊሽም ሰላማዊና የሚያምር ነው፣ ግን ሲደነግጥ ከገንዳው ዘሎ ይወጣልና ያለ ክዳን አይሞከርም። ግማሹ ወይን ጠጅ ግማሹ ቢጫ የሆነው ሮያል ግራማ ደግሞ የሚደበቅበት የድንጋይ ቀዳዳ ካገኘ አያስቸግርም።

ዳምዝል ርካሽና ጠንካራ ነው ብለው ይሸጡላችኋል፤ እውነት ነው፣ ግን ቦታውን ከያዘ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ያሳድዳል። ማንዳሪንን ለጊዜው እርሱት፣ የሚበላቸው ጥቃቅን የባሕር እንስሳት አዲስ ገንዳ ውስጥ በቂ አይደሉምና በረሃብ ያልቃል። ታንግ ገና ትንሽ ሆኖ ሲያዩት ያታልላል፣ ሲያድግ ግን ገንዳው አይበቃውም።

ስትገዙ ሻጩን እፊታችሁ እንዲመግበው ጠይቁት። ምግብ እያየ የማይጠጋ፣ ሆዱ የጎደጎደ፣ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ወይም ሰውነቱ ላይ የጨው ቅንጣት የመሰለ ነጭ ነጥብ ያለበት ከሆነ፣ ዋጋው ቢረክስም ተዉት። ለ100 ሊትር ገንዳ አንድ ፋየርፊሽና ጥንድ ክላውንፊሽ ይበቃል። ዓይን አፋሩን ፋየርፊሽ አስቀድሙ፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይታችሁ አሞኒያውን እንደገና ለኩና ክላውንፊሾቹን አስገቡ።