ለአሰምብለሩ የቺፑን ስም ንገሩት

ድሬዳዋ ላይ የቁጥጥር ሰሌዳ የሚሠራ ሰው ቺፕ አያማርጥም፤ በተገኘው ይሠራል። ከዚራ ባለው የጥገና ክፍሌ መሳቢያ ውስጥ ኤትሜጋ8 አለ፣ ኤትሜጋ328ፒ አለ፣ ከአሮጌ ሰሌዳ ላይ የተነቀለ ኤቲታይኒ13 አለ፣ ኤስቲኤም32ኤፍ103 የተበየደባት ሰማያዊ ሰሌዳም አለች። አብዛኛው ከታይዋን ገበያ የተለቀመ ነው። ደንበኛው ደግሞ የቺፑ ስም አያሳስበውም። ሳቢያን ያለው ቤቱ ታንከሩ ሲሞላ ፓምፑ እንዲጠፋለት፣ ሲጎድል እንዲነሳለት ብቻ ይፈልጋል። ስለዚህ ያው ፕሮግራም ዛሬ አንዱ ቺፕ ላይ፣ ነገ ሌላው ላይ ይጫናል። የአሰምብለር (የጻፍናቸውን ትእዛዞች ወደ ቺፑ ቋንቋ የሚለውጠው ፕሮግራም) ፕሮሰሰር-ተኮር አማራጮች ዋጋቸው የሚታየው እዚህ ላይ ነው። አሰምብለሩ ለየትኛው ቺፕ እንደሚሠራ በትክክል ካወቀ፣ ሰሌዳው ገና ጠረጴዛ ላይ ሳለ ስሕተቱን ይነግራችኋል። ካላወቀ ግን የሚነግራችሁ የፈሰሰው ውኃ ነው።

የምጽፈው በጂኤንዩ አሰምብለር ስለሚሠሩ፣ ቢያንስ አንዲት መብራት ማብራትና ማጥፋት ለቻሉ ጀማሪዎች ነው። ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን አስፍሬአቸዋለሁ፤ ቁልፍ ሰሌዳ ላይ ስትጽፉ በላቲን ፊደል ተኩአቸው። ነጥቡ፣ ሰረዙና የእኩል ምልክቱ እንዳለ ይቀመጣል።

መጀመሪያ ማወቅ ያለባችሁ የጂኤንዩ አሰምብለር አንድ ፕሮግራም አለመሆኑን ነው። ለየፕሮሰሰር ዓይነቱ ለብቻው ይገነባል፤ ለኤቪአር (እንደ ኤትሜጋና ኤቲታይኒ ላሉት) ኤቪአር-ኤኤስ፣ ለኤአርኤም (እንደ ኤስቲኤም32 ላሉት) አርም-ነን-ኢኤቢአይ-ኤኤስ ይባላል። ሁሉም የሚጋሯቸው አማራጮች አሉ፤ እያንዳንዱ ለብቻው የሚያውቃቸውም አሉ። የራሱን ብቻ ለማየት የአሰምብለሩን ስም ጽፋችሁ «--ታርጌት-ሄልፕ» ጨምሩበት። በኤቪአር ላይ የሚያውቃቸውን የቺፕ ስሞችም ይዘረዝርላችኋል። ኢንተርኔት በተቋረጠበት ቀን ከዚህ የተሻለ መምህር የለም።

በኤቪአር ዋናው አማራጭ ኤምኤምሲዩ ነው፦

ኤቪአር-ኤኤስ -ኤምኤምሲዩ=ኤትሜጋ328ፒ -ኦ ፓምፕ.ኦ ፓምፕ.ኤስ

ይህን ካልጻፋችሁ አሰምብለሩ ኤቪአር2 የሚባለውን አሮጌ ቤተሰብ ይዞ ይነሳል። ያ ቤተሰብ ሙል የሚባለው የማባዣ ትእዛዝ የለውም፤ ሁለት ሬጅስተሮችን (የፕሮሰሰሩን ትንንሽ የቁጥር መያዣዎች) በአንድ ጊዜ የሚገለብጠው ሞቭደብልዩም የለውም። በዚህ ምክንያት ለኤትሜጋ328ፒ በትክክል የተጻፈ ፕሮግራም «ኢሊጋል ኦፕኮድ ሙል ፎር ኤምሲዩ ኤቪአር2» በሚል መልእክት ይመለሳል። አብረውኝ የሚለማመዱ ተማሪዎች ይህን ሲያዩ ወዲያው ማባዣውን በመደመር ሊተኩት ይነሳሉ። የመልእክቱን የመጨረሻ ቃል እንዲያነቡት እለምናቸዋለሁ። ኤቪአር2 የሚል ካለ ጉድለቱ ያለው ትእዛዝ መስመሩ ላይ ነው፤ ፕሮግራሙን አትንኩት።

ቤተሰቦቹን በጥቂቱ ማወቅ ይጠቅማል። ኤቲታይኒ13 ያለበት ኤቪአር25 ሞቭደብልዩ አለው፣ ሙል ግን የለውም። ኤትሜጋ8 ኤቪአር4 ውስጥ ነው፤ ማባዛት ይችላል፣ ፍላሹ (ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት ማኅደረ ትውስታ) 8 ኪሎባይት ብቻ ስለሆነ ግን ረጃጅሞቹን የዝላይና የጥሪ ትእዛዞች፣ ጄኤምፒ እና ኮልን፣ አያውቅም፤ በአጫጭሮቹ አርጄኤምፒ እና አርኮል ይሠራል። 32 ኪሎባይት ፍላሽ ያለው ኤትሜጋ328ፒ ደግሞ ኤቪአር5 ነውና ሁሉም አሉት። ከኤምኤምሲዩ ቀጥሎ የቤተሰቡን ስም መጻፍም ይቻላል፤ እኔ ግን ሁልጊዜ የቺፑን ሙሉ ስም እንድትጽፉ እመክራለሁ። ምክንያቱን ከታች ታዩታላችሁ።

አሁን ብዙ ሰሌዳ ወደሚያበላሸው ነገር እንምጣ። ኤትሜጋ8 እና ኤትሜጋ328ፒ ሁለቱም ባለ 28 እግር ሆነው ይመጣሉ፤ እግሮቻቸውም ስለሚገጥሙ አንዱን ነቅላችሁ ሌላውን እዚያው ሶኬት ላይ መሰካት ትችላላችሁ። በኤትሜጋ8 ላይ የኢንተረፕት ሰንጠረዡ (ድንገተኛ ምልክት ሲመጣ ቺፑ የሚዘልበት ዝርዝር) እያንዳንዱ ቦታ 2 ባይት ነው፤ አንድ አርጄኤምፒ ይይዛል። በኤትሜጋ328ፒ ላይ እያንዳንዱ ቦታ 4 ባይት ነው፤ አንድ ጄኤምፒ ይይዛል። የታንከሩ የላይኛው ተንሳፋፊ ኢንት0 በሚባለው የኢንተረፕት እግር ላይ፣ የታችኛው ኢንት1 ላይ ተገናኝቷል እንበል። ሰንጠረዡን ለኤትሜጋ8 በአርጄኤምፒ ደርድራችሁት ያንኑ ፋይል ለኤትሜጋ328ፒ ብትሠሩት አሰምብለሩ አንድ ቃል አይተነፍስም፤ አርጄኤምፒ በሁለቱም ቺፖች ላይ ሕጋዊ ትእዛዝ ነውና። ታንከሩ ሞልቶ ኢንት0 ሲነሳ ግን አዲሱ ቺፕ የሚዘለው ከመጀመሪያው 4 ባይት ርቆ ወዳለው ቦታ ነው። እናንተ ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ ያስቀመጣችሁት የኢንት1ን መንገድ ነው። ታንከሩ ሲሞላ «ታንከሩ ጎድሏል» የሚለው ክፍል ይሠራል፤ ፓምፑም ይነሳል። ውኃ በወረፋ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል ጥፋት አይደለም።

የወደብ ቁጥሮችም እንደዚሁ ናቸው። ኤትሜጋ8 ላይ ፖርትቢ ያለው አድራሻ 24 ላይ ነው፤ ኤትሜጋ328ፒ ላይ አድራሻ 5 ላይ። ሰዓት ቆጣሪ 1ን የሚያስነሳው ቲሲሲአር1ቢ ኤትሜጋ8 ላይ አድራሻ 46 ነው። በኤትሜጋ328ፒ ላይ አድራሻ 46 የኤስፒአይ (ከሌላ ቺፕ ጋር መነጋገሪያው) ዳታ ሬጅስተር ነው። ቁጥሩን በእጃችሁ ከጻፋችሁት አውት የሚባለው ትእዛዝ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ወደዚያ ይጽፋል፤ ቆጣሪው አይነሳም፤ እናንተም ክሪስታሉን ስትጠራጠሩ ትውላላችሁ።

ለሁለቱም ችግሮች መድኃኒቱ አንድ ነው፦ በቁጥር ፋንታ በስም መጻፍ። ይህን ለማድረግ አሰምብለሩን በቀጥታ ከመጥራት ይልቅ በኤቪአር-ጂሲሲ (በሲ ኮምፓይለሩ) በኩል ጥሩት፤ የፋይሉንም መጨረሻ በትልቁ «ኤስ» አድርጉት። ትልቁ «ኤስ» ፋይሉ አስቀድሞ በፕሪፕሮሰሰር (ስሞችን በቁጥር በሚተካው) ውስጥ እንዲያልፍ ያደርጋል፤ ትንሹ አያደርግም። ከዚያ «ኤቪአር/አይኦ.ኤች» የሚለውን ፋይል ኢንክሉድ ስታደርጉ ጂሲሲ ከኤምኤምሲዩ የቺፕ ስም ተነስቶ የዚያን ቺፕ አድራሻዎች ያመጣል። ሙሉውን ስም ጻፉ ያልኩት ለዚህ ነው፤ «ኤቪአር5» ብቻ ካላችሁት የትኛውን ቺፕ ማለታችሁ እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም። ለአውት እና ለኢን (ለማንበቢያው ትእዛዝ) ስሙን «_ኤስኤፍአር_አይኦ_አድር» ውስጥ በቅንፍ አስገቡት። ኤትሜጋ328ፒ ላይ ቲሲሲአር1ቢ ከአውት ክልል ውጭ ነው፤ አውት የሚደርሰው ከ0 እስከ 63 ብቻ ነው። ስለዚህ ቀድሞ በዝምታ ያለፈው መስመር አሁን በስሕተት መልእክት ይቆማል፤ እናንተም አውትን በኤስቲኤስ ትቀይሩታላችሁ። አንድ ቢት የሚያበሩትና የሚያጠፉት ኤስቢአይ እና ሲቢአይ ደግሞ ከ31 አያልፉም። ኢንተረፕቱንም «ኢንት0_ቬክት» በሚለው ስም ጽፋችሁ «.ግሎባል» በሚለው መመሪያ ካወጃችሁት፣ ሰንጠረዡን ለቺፑ በሚስማማው ስፋት የሚደረድረው የኤቪአር-ሊብሲ መነሻ ፋይል ነው። እጃችሁን ከሰንጠረዡ አውጡ።

ሌላው የኤቪአር ልዩ ነገር አድራሻ መቁረጫዎቹ ናቸው። ኤልዲአይ የሚባለው ትእዛዝ የሚጭነው 8 ቢት ብቻ ስለሆነ አድራሻን በሁለት ከፍላችሁ ታስገባላችሁ፤ የታችኛውን በሎ8፣ የላይኛውን በሃይ8። ፍላሽ ውስጥ ያለ የቁጥር ሰንጠረዥ በኤልፒኤም ለማንበብ ይህ ይበቃል፤ ኤልፒኤም በባይት ይቆጥራልና። በአይኮል ወደ አንድ ክፍል ለመዝለል ግን ፒኤም_ሎ8 እና ፒኤም_ሃይ8 ያስፈልጋሉ፤ ፕሮሰሰሩ ለመዝለል የሚቆጥረው በሁለት ባይት በሁለት ባይት ነው። እነዚህን ካቀላቀላችሁ ዝላዩ በእጥፍ ርቀት ላይ ያርፋል፤ አሰምብለሩም ይህን አይቃወምም።

«-ኤምኦል-ኦፕኮድስ» የሚል አማራጭ ታገኛላችሁ። ቺፑ ቢያውቀውም ባያውቀውም ማንኛውንም የኤቪአር ትእዛዝ ተቀበል ማለት ነው። የስሕተት መልእክት ሲበዛባቸው በዚህ አማራጭ ዝም የሚያሰኙት አሉ። ይህን ፈጽሞ አታድርጉ። መልእክቱ ጠፋ ማለት ቺፑ ማባዛት ተማረ ማለት አይደለም፤ ፊውዙን በሽቦ ጠምዝዞ መብራት መጣ እንደማለት ነው። ቺፓችሁ ከአሰምብለሩ ዝርዝር ውስጥ የሌለ አዲስ ከሆነ የቤተሰቡን ስም ስጡት፤ ቁጥጥሩ እንዳለ ይቆያል።

ወደ ኤአርኤም ስትሻገሩ ልማዱ ይገለበጣል። ኤቪአር-ኤኤስ ካልነገሩት ይጠብባል፤ የኤአርኤሙ አሰምብለር ካልነገሩት ይሰፋል፣ የማንኛውንም ኤአርኤም ትእዛዝ ይቀበላል። ስለዚህ ለሰማያዊዋ ሰሌዳ ፋይሉ ራስ ላይ ሦስት መመሪያዎች ጻፉ፦

.ሲንታክስ ዩኒፋይድ
.ሲፒዩ ኮርቴክስ-ኤም3
.ተምብ

በትእዛዝ መስመር «-ኤምሲፒዩ=ኮርቴክስ-ኤም3 -ኤምተምብ» ማለትም ይቻላል። እኔ ግን ፋይሉ ውስጥ መጻፉን እመርጣለሁ፤ ፋይሉ በፍላሽ ዲስክ ከሰው ወደ ሰው ሲሄድ መመሪያው አብሮት ይሄዳል። የመጀመሪያውን መስመር ከተዋችሁ አሰምብለሩ አሮጌውን የአጻጻፍ ሥርዓት ይከተላል፤ ከመጽሐፍ የቀዳችሁት መስመርም ያለ ምክንያት የተበላሸ ይመስላችኋል። የሲፒዩውን ስምም ካለው በላይ አታጋንኑት። ኮርቴክስ-ኤም3 የማካፈያ ትእዛዝ አለው፤ ኮርቴክስ-ኤም0 የለውም። ኤም0 ይዛችሁ ኤም3 ብላችሁ ከጻፋችሁ አሰምብለሩ ማካፈያውን ዩዲቭን ያሳልፋል፤ ቺፑ እዚያ ሲደርስ ሃርድ ፎልት (ሥራውን የሚያቋርጥ ስሕተት) ውስጥ ይገባል።

ከእያንዳንዱ የክፍል ስም በፊት «.ተምብ_ፈንክ» የሚለውን ጻፉ። ኮርቴክስ-ኤም የሚያውቀው ተምብ የሚባለውን የኤአርኤም የትእዛዝ ስብስብ ብቻ ነው፤ ይህንንም የሚለየው በአድራሻው የመጨረሻ ቢት ነው፣ 1 መሆን አለበት። መመሪያው ከሌለ በኢንተረፕት ሰንጠረዡ ውስጥ የሚገባው አድራሻ መጨረሻው 0 ይሆናል፤ ቺፑም ገና ኃይል ሲያገኝ ይወድቃል። ሁሉም ነገር ትክክል መስሎ ሰሌዳው ምንም ካላሳየ መጀመሪያ የማየው ይህን ነው።

የማስታወሻ ምልክቱንም ተጠንቀቁ። በኤቪአር ሴሚኮለን ማስታወሻ ይጀምራል። በኤአርኤም ማስታወሻ የሚጀምረው የኢሜይሉ «አት» ምልክት ነው፤ ሴሚኮለን ደግሞ አዲስ መስመር እንደመጀመር ይቆጠራል። በአማርኛ የጻፋችሁት ማስታወሻ ከሆነ አሰምብለሩ መጥፎ ትእዛዝ ብሎ ይመልሰዋል፣ ጉዳት የለውም። አደገኛው ለጊዜው ይቁም ብላችሁ ፊቱ ላይ ሴሚኮለን ያደረጋችሁበት ትእዛዝ ነው። ፓምፑን የሚያስነሳውን የጥሪ ትእዛዝ፣ ቢኤልን፣ አቁሜዋለሁ ብላችሁ ስታምኑ፣ እርሱ ሕያው ሆኖ ይሠራል።

ስለ ሌሎቹ ባጭሩ። በሪስክ-ፋይቭ ፕሮሰሰሮች «-ኤምአርች» አማራጭ ውስጥ እያንዳንዱ ፊደል አንድ ችሎታ ነው፤ አርቪ32አይኤምሲ ማለት 32 ቢት፣ ማባዛትና ማካፈል ያለው፣ አጫጭር ትእዛዞችንም የሚቀበል ማለት ነው። የጂፒ ሬጅስተርን ስትጭኑ «.ኦፕሽን ኖሪላክስ» በ«.ኦፕሽን ፑሽ» እና በ«.ኦፕሽን ፖፕ» መካከል መግባት አለበት፤ ካልሆነ ሊንከሩ (የተሠሩትን ፋይሎች የሚያጣምረው ፕሮግራም) ገና ባልተጫነው ጂፒ ላይ ሊመሠረት ይችላል። በላፕቶፓችሁ ኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ ደግሞ መነሻው ኤቲ ኤንድ ቲ አጻጻፍ ነውና ምንጩ በፊት፣ መድረሻው በኋላ ይጻፋል፤ «.ኢንቴል_ሲንታክስ ኖፕሪፊክስ» ካላችሁ ይገለበጣል። የአሰምብለር አማራጭን በጂሲሲ በኩል ለማሳለፍ ትልቁን «ደብልዩ»፣ ትንሹን «ኤ»፣ ከዚያ ኮማ አድርጋችሁ አማራጩን ያለ ክፍተት አስከትሉ።

ቺፑ ላይ ከመጫናችሁ በፊት ውጤቱን ራሳችሁ እዩት። ለኤቪአር ፋይል ኤቪአር-ሪድኤልፍን በ«-ኤች» ጥሩትና «ፍላግስ» የሚለውን መስመር ፈልጉ፤ ለኤትሜጋ328ፒ «ኤቪአር:5» ማለት አለበት። ለኤአርኤም በትልቁ «-ኤ» ጥሩት፤ ፋይሉ የተሠራበትን የሲፒዩ ስም ያወጣል። ቀጥሎ ፋይሉን ወደ ትእዛዞች መልሶ የሚያሳየውን ኦብጅደምፕን በ«-ዲ» ሊንከሩን ባለፈው ፋይል ላይ አሂዱና የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ተመልከቱ። በግራ በኩል ያሉት አድራሻዎች 0፣ 4፣ 8 እያሉ ከሄዱ ሰንጠረዡ ለኤትሜጋ328ፒ ይሆናል። 0፣ 2፣ 4 ካሉ ለኤትሜጋ8 የተሠራ ነው፤ ኤትሜጋ328ፒ ላይ አትጫኑት።