በድሮ ቤቶች መጸዳጃ ሲለቀቅ የሚንዶቀዶቅ ፒሌታና የማይለቅ ሽታ፦ ችግርና መፍትሄ

ችግሩ። መጸዳጃው ውሃ በተለቀቀበት ቁጥር የወለሉ ፒሌታ (የውሃ መውረጃው ቀዳዳ) ወይም የእጅ መታጠቢያው ይንዶቀዶቃል፤ ጥቂት ቆይቶም ክፍሉን የሴፕቲክ ታንክ ሽታ ይሞላዋል። መስመሩ አለመደፈኑና ታንኩ አለመሙላቱ ከተረጋገጠ በኋላ፣ በደሴ የድሮ ቤቶች ቀድሞ የሚጠረጠረው የአየር ማስወጫው ቧንቧ ነው።

ምክንያቱ። ሲፎን፣ ማለትም ከፒሌታውና ከመታጠቢያው ስር ያለው ውሃ የሚይዝ ጎባጣ ቧንቧ፣ ሽታን የሚያግደው በውስጡ በሚቆየው 50 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ብቻ ነው። ከመጸዳጃው የሚወርደው ውሃ ባለ 110 ሚሊ ሜትሩን የፍሳሽ ቧንቧ ሞልቶ ሲሄድ ከኋላው አየር መከተል አለበት፤ ማስወጫው ከሌለ ወይም ከቀጠነ አየሩን በቅርብ ባለው ሲፎን በኩል ይስበዋል፣ የሲፎኑንም ውሃ አብሮ ይመጠዋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ባልዲ ሙሉ በአንድ ጊዜ ስለሚደፋ መሳቡ ይብሳል።

በፒያሳና በአራዳ ካየኋቸው የቀድሞ ቤቶች ብዙዎቹ መጸዳጃ ወደ ውስጥ የገባላቸው ከተሠሩ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ሠራተኛው ቆርቆሮውን በሰፊው መብሳት ስለሚሰለቸው ከውሃ መስመር የተረፈች ግማሽ ኢንች ብረት ያወጣል፤ ባለቤቱም ጣሪያው ላይ ቧንቧ ስለሚያይ «ማስወጫ አለን» ይላል። ሲፎን ደጋግመው የቀየሩና በረኪና ሲያፈሱ የኖሩ ቤተሰቦች ኮርኒሳቸው ሲከፈት ባለ 50 ሚሊ ሜትሩ ፕላስቲክ በሪዱሰር (ቧንቧ በሚያጠብ መገጣጠሚያ) ወደ ግማሽ ኢንች ወርዶ፣ ብረቱም ከውስጥ ዝጎ እርሳስ እንኳ የማያሳልፍ ሆኖ ተገኘ። በሌላ ቤት ቧንቧው ወፍራም ነበር፤ ዳሩ ግን «ዝናብ እንዳይገባ» ተብሎ አፉ በክዳን ተጣብቆ ተዘግቷል። በማስወጫው የሚገባ ዝናብ ማንንም አይጎዳም፤ ክዳኑ ግን ማስወጫውን ከንቱ ያደርገዋል።

ሙከራው። ፒሌታው ውሃ ይሞላና ባትሪ እየበራበት ሌላ ሰው መጸዳጃውን ይልቀቅ። የሲፎኑ ውሃ ከዘለለ ወይም ከጎደለ ጥፋቱ የማስወጫው ነው። በክብሪትም ሆነ በሻማ ፈጽሞ አይታይ፤ ከታንኩ የሚወጣው ጋዝ ይቀጣጠላል። ታንኩ ውስጥም ማንም አይግባ፤ ጋዙ ሰው ይገድላል።

መፍትሄው። የማስወጫው ስፋት ከሚያገለግለው የፍሳሽ ቧንቧ ግማሽ ማነስ የለበትም፣ በምንም ሁኔታ ከ32 ሚሊ ሜትር አይወርድም። በገበያ ከሚገኘው ውስጥ 50ው ለባለ 110ሩ በጥቂቱ ስለሚያንስ 75 ይግባ፤ ርዝመቱ ከ12 ሜትር ካለፈ አንድ ደረጃ ይጨመርለት። ከፍሳሹ ቧንቧ የሚነሳው ከላይ በኩል ይሁን፤ በጎን በሚሄድበት ቦታም የሚጠራቀመው እርጥበት ተመልሶ እንዲወርድ ዘንበል ይበል። ከቆርቆሮው በላይ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይውጣ፣ ከመስኮትም ይራቅ። አፉ ላይ ሰፊ ዓይን ያለው ወንፊት ይበቃዋል። በመንገዱ ላይ አንድም ሪዱሰር አይግባ። በእጅ ሲጫኑት የሚሰረጎደው ርካሽ ፕላስቲክ በፀሐይ ስለሚሰነጠቅ ጣሪያ ላይ አይውጣ።

አልፎ አልፎ ጥፋቱ ሌላ ነው። ለሳምንታት ውሃ ያላየ ፒሌታ፣ በተለይ በኮምቦልቻ ሙቀት፣ በራሱ ይደርቃል፤ አንድ ጣሳ ውሃ ይበቃዋል። ሽታው ከመቀመጫው ግርጌ ብቻ ከሆነ ማሸጊያው ይቀየር።

ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ሙከራው በባልዲ ይደገም፤ የሲፎኑ ውሃ ከጎደለ ማስወጫው ከመነሻው እስከ ጣሪያው እንደገና ይፈተሽ።