54 ቮልት አያታልልህ፦ የሳይት ባትሪን ሳይቱን ሳታጠፋ ለመፈተሽ

የሞባይል ኔትወርክ ሳይት (የአንቴና ጣቢያ) ላይ ስክሪኑ 54 ቮልት ስላሳየህ ብቻ ባትሪው ደህና ነው ብለህ አትፈርም። ያ ቁጥር የሬክቲፋየሩ (የመስመሩን መብራት ወደ ዲሲ የሚቀይረው መሣሪያ) ነው። መብራት እስካለ ድረስ ጭነቱን (የኔትወርክ መሣሪያዎቹን) የሚሸከመው እሱ ነው፤ የደከመው ባትሪም ከጎኑ ተለጥፎ 54 ይላል። እኔ ይህን የተማርኩት ጋራ አናት ላይ ባለ አንድ ሳይት ነው። ለሙከራ ብዬ የኤሲውን (ከመስመር የሚገባውን መብራት) ብሬከር አወረድኩ፤ አራት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ሁሉም ነገር ጭልም አለ። ደውዬ እንዳልናገር ኔትወርኩን ያጠፋሁት ራሴ ነኝ።

አሁን ብሬከር አልነካም፣ ቮልቴጁን ነው የማወርደው። ከኮንትሮለሩ (የሬክቲፋየሩ መቆጣጠሪያ) ገብተህ ፍሎቱን፣ ማለትም ሬክቲፋየሩ ባትሪውን ሞልቶ የሚይዝበትን ቮልቴጅ፣ ከ54 ወደ 46 አውርድ። ባትሪው ከ46 በላይ ስለሆነ ጭነቱን ይረከባል። ሬክቲፋየሩ ግን አልጠፋም፤ ባትሪው ከከዳህ 46 ላይ ይቀበለዋል። ጭነት ማቋረጫው (ቮልቴጁ ሲወርድ መሣሪያዎቹን ከባትሪው የሚለየው) ከዚያ በታች፣ ለምሳሌ 43.2 ላይ መሆኑን አስቀድመህ እይ። ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ ከነበረም ሌላ ቀን ተመለስ፤ ያልሞላ ባትሪ መፈተሽ ድካም ብቻ ነው።

ቀለበትና ሰዓት አውልቅ፣ የመፍቻውን እጀታ በቴፕ ጠቅልል። 48 ቮልት አይነዝርም ብለው የሚንቁት አሉ፤ ባለ 200 አምፔር ሰዓት ባትሪ ሾርት ሲያደርግ ግን በሺህ የሚቆጠር አምፔር ይለቃል። ደግሞም እዚህ መሬት የሚያዘው ፖዘቲቩ ነውና ሜትሩ በኔጌቲቭ ቢያነብ አትደንግጥ።

ጭነቱ ወደ ባትሪው እንደዞረ በየ15 ደቂቃው አራቱንም ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ለየብቻ ለካና ጻፍ። ሦስቱ 12.3 ሲሉ አንዱ 11.2 ካለ ሌባው እሱ ነው፤ ድምሩ ግን 48.1 ስለሚሆን ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይህም። ሁለት ረድፍ ባትሪ ካለህ ክላምፕ ሜትር (ገመዱን አቅፎ አምፔር የሚለካው) አስገባ። 38 አምፔር ጭነት 19 በ19 መካፈል አለበት። 27 እና 11 ሆኖ ካገኘኸው ባትሪ ከመወንጀልህ በፊት ብሎኖቹን እይ፤ የላላ ብሎን ስንቱን ደህና ባትሪ አስጥሏል!

ሙቀቱን አትርሳ። 54 ለ25 ዲግሪ ነው። ለ24 ሴል የሊድ አሲድ ባትሪ በእያንዳንዱ ዲግሪ 72 ሚሊቮልት ይስተካከላል፦ ሰመራ 35 ዲግሪ ላይ ወደ 53.3 ይወርዳል፣ ደብረ ብርሃን 10 ዲግሪ ላይ ወደ 55.1 ይወጣል። የባትሪው ወረቀት ሌላ ካለ ወረቀቱን ስማ። ይህን የሚሠራው ሴንሰሩ ነው፤ ሴንሰሩ ግን ባትሪው ላይ መለጠፍ ሲገባው ግድግዳ ላይ፣ እንዲያውም አየር ማቀዝቀዣው ፊት ለፊት ተንጠልጥሎ ያገኘሁበት ጊዜ ብዙ ነው።

ስትጨርስ ፍሎቱን ወደ 54 መልስና የመሙያው አምፔር መነሳቱን በዓይንህ እይ። ለአንድ ባለ 200 ረድፍ 20 አምፔር ይበቃዋል። ሁለት ረድፍ ሲሆን 40፣ ከጭነቱ ጋር 78፤ ባለ 50 አምፔር የሬክቲፋየር ሞጁል ሁለት ይችሉታል፣ ሦስተኛው መጠባበቂያ ነው።

አንድ ቀን 46 ላይ ትቼው ወርጃለሁ። ትዝ ያለኝ አስፋልት ከደረስኩ በኋላ ነው፤ ዞሬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ፍሎቱን ሳወርድ «46» ብዬ ፕላስተር ላይ ጽፌ የመኪናው ቁልፍ ላይ እለጥፋለሁ።