የሪሰርች ምዕራፎችን ኮፒ ፔስት ሳታደርጉ አንድ ላይ ማገናኘት

የመመረቂያ ሰሞን ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ዙሪያ ያሉት የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች መቆሚያ የላቸውም። ከቡድኑ አባላት አንዱ ምዕራፍ አንድን በፍላሽ ይዞ ይመጣል፣ ሌላዋ በቴሌግራም ትልካለች፣ የቀሩት ፍቅር ሐይቅ ዳር ተቀምጠው «አለቀ?» እያሉ ይደውላሉ። ጸሐፊዋ ሁሉንም ኮፒ ፔስት አድርጋ አንድ ታደርገዋለች። ጣጣው የሚመጣው አማካሪው «ምዕራፍ ሁለትን አስተካክሉ» ሲል ነው፤ አሁን ሁለት ምዕራፍ ሁለት አላችሁ፣ አንዱ ለብቻው አንዱ ትልቁ ፋይል ውስጥ፣ የቱ እንደታረመ ደግሞ እግዜር ይወቀው።

መፍትሔው ወርድ ውስጥ አለ። ምዕራፎቹን አትገልብጡ፣ አገናኙ።

መጀመሪያ አንድ ፎልደር ክፈቱ፣ እዚያው ላፕቶፕ ላይ። ፍላሽ ላይ አይሆንም፤ ሊንኩ የሚይዘው የፋይሉን አድራሻ ስለሆነ ፍላሹ ሌላ ኮምፒውተር ላይ በሌላ የድራይቭ ፊደል (ለምሳሌ በኢ ፈንታ በኤፍ) ከተነበበ ጽሑፉን ፈልጎ አያገኘውም። ፋይሎቹን 01፣ 02፣ 03 ብላችሁ ሰይሙ። ከቴሌግራም ደጋግማችሁ ያወረዳችኋቸውን፣ እነዚያን (1) እና (2) የተለጠፈባቸውን፣ አጥፉ። ከዚህ በኋላ ስም መቀየርም ቦታ ማዛወርም የለም።

ቀጥሎ ባዶ ሰነድ ከፍታችሁ «ዋና» ብላችሁ እዚያው ፎልደር ውስጥ ሴቭ አድርጉት። ኢንሰርት ላይ ግቡ፣ ኦብጀክት አጠገብ ያለችውን ትንሽ ቀስት ተጫኑ፣ ቴክስት ፍሮም ፋይል በሉ። ምዕራፍ አንድን ምረጡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩልና ኢንሰርት የሚለውን ይጫናል፤ እሱ ተራ ግልባጭ ነው የሚሰጣችሁ። ከኢንሰርት ጎን ያለችውን ቀስት ተጭናችሁ ኢንሰርት አዝ ሊንክ የሚለውን ምረጡ። ከዚያ ሌይአውት፣ ብሬክስ፣ ኔክስት ፔጅ ብላችሁ አዲስ ገጽ ላይ ቀጣዩን ምዕራፍ አምጡ። በቃ፣ እስከ መጨረሻው እንዲሁ ነው።

እርማት ሲመጣ የምዕራፉን ፋይል ለብቻው ከፍታችሁ አርሙና ሴቭ አድርጉ። ከዚያ ዋናው ላይ ኮንትሮል ኤ፣ ቀጥሎ ኤፍ9፤ እርማቱ ዋናው ላይም ይገባል። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ኤፍኤን የምትለዋን አብራችሁ ካልተጫናችሁ ኤፍ9 አይሠራም። ዋናው ፋይል ውስጥ ባለው የምዕራፍ ጽሑፍ ላይ በቀጥታ አትጻፉ፤ ኤፍ9 ስትጫኑ ድራሹ ይጠፋል። ሳታስቡት ጽፋችሁ ከተገኛችሁ፣ ኤፍ9 ከመጫናችሁ በፊት ከርሰራችሁን እዚያው ጽሑፍ ውስጥ አድርጋችሁ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤፍ7ን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ለውጡን ወደ ምዕራፉ ፋይል ይመልስላችኋል።

ርዕሶችን በእጅ ቦልድ ማድረግ አቁሙ። ሁላችሁም ሄዲንግ 1 እና ሄዲንግ 2ን ተጠቀሙ፤ ማውጫው የሚሠራው ከእነሱ ነው፣ ቅርጻቸውም የዋናውን ፋይል ይከተላል። በአማርኛ የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ ፎንት ላይ ቀድማችሁ ተስማሙ። አንዱ በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ ፎንት፣ ሌላው አሁን በተለመደው የፊደል ሥርዓት በዩኒኮድ ከጻፈ ፎንቱን አንድ ላድርግ ስትሉ የመጀመሪያው ጽሑፍ የላቲን ፊደልና የምልክት ጥርቅም ይሆናል፣ ያኔ ወይ መቀየሪያ ፕሮግራም መፈለግ ነው ወይ እንደገና መጻፍ።

ወርድ ማስተር ዶክመንት የሚባል፣ ብዙ ፋይሎችን በአንድ የሚያያይዝ ነገርም አለው፣ ቪው ውስጥ አውትላይን ላይ። ለዚህ ሥራ እኔ አልመክረውም፣ ፋይል በማበላሸት ስሙ የታወቀ ነው። በወርድ ፈንታ ሊብሬኦፊስ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ግን የእሱን ማስተር ዶክመንት ሞክሩት፣ ይሻላል።

ለማሳተም ስትሄዱ ዋናውን ፋይል ብቻ በፍላሽ አትውሰዱ። መጀመሪያ ኤፍ9፣ ማውጫውም ከጠየቃችሁ ሙሉውን አድሱ፣ ከዚያ ፒዲኤፍ አድርጉት። አማካሪው በወርድ ላኩልኝ ካለ በሌላ ስም ሴቭ አድርጉና ቅጂው ላይ ኮንትሮል ኤ፣ ከዚያ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤፍ9። ሊንኩ ተቆርጦ ተራ ጽሑፍ ይሆናል። ማውጫውም አብሮ ስለሚደርቅ ይህን ዋናው ላይ እንዳታደርጉት።